ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቼ

ሰኞ፣ መጋቢት 2
ጠዋት ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሲጋራዬን እያጨስኩ አሥራ አንድ ሰው አሳቅሁ። ቆጠርኳቸው። ምን ላድርግ፣ ሬዲዮ የለኝ... ሃያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ሳስቀው የከተማው ሰው ሁሉ «አጎቴ ድራቦ» ይለኛል። ከንቲባ ታፕሶባ ግን ይኸው ስድስት ቅዳሜ አፌን ዘጋው። በአንድ ቀልድ! «ከንቲባችን አንዱን ቧንቧ ሦስት ጊዜ መረቀው፤ ሪባኑ ሦስቴ ተቆረጠ፣ ውሃው አንዴም አልመጣ» ስላልኩ። ውሸት ነው? በማግስቱ ወደ ጣቢያው ደወለ፤ አለቀ።

የእህቴ ልጅ ማሚና፦ «አጎቴ፣ ይቅርታ በለውና ተመለስ።»
«እኔ ሳሞው? ሞሲን?»
«አሁንማ ከንቲባ ነው።»
ቢሆንስ? ሞሲና ሳሞ፣ የእሱና የእኔ ጎሳ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። እሱ ውሻ በላ ይለኛል፣ እኔ የአህያ ጭንቅላት በላ እለዋለሁ። የተቆጣ ይዋረዳል። ደውሎ ማስዘጋት ግን... ይሄ ጨዋታ አይደለም። አልረሳለትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7
ሰባተኛ ቅዳሜ። በእኔ ሰዓት የማዳበሪያ ማስታወቂያ አሰሙ። ማዳበሪያ!

ረቡዕ፣ መጋቢት 11
የታፕሶባ አባት አረፉ። ደግ ሰው ነበሩ። መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር ከዘራ አንስተው «ውሻዬን ደብቁ፣ ድራቦ መጣ!» ይሉ ነበር። ከልቤ አዘንኩ። ከዚያ... አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሞሲ ሲቀበር ሳሞ ምን ተከልክሏል? ምንም!
ማሚና ፊቴን አየችና «አጎቴ፣ ተው» አለች። ገና ምንም ሳልናገር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12
አደረግኩት። አስከሬኑ ሳይወርድ ጉድጓዱ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና በጀርባዬ ተጋደምኩ።
ታፕሶባ ከላይ ብቅ አለ። «ውጣ፣ ውሻ በላ። ዶሮ እሰጥሃለሁ።» ወጉ ነው፤ ሳሞ ተለምኖ፣ ተሰጥቶት ይወጣል።
«ዶሮህን ያዝ። እዚህ ደረቅ ነው፤ ቧንቧህን ና መርቅልኝ!»
ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ።
«ይበቃል፣ ድራቦ።»
«ቆይ፣ አባትህን ያጠቡበትን ውሃ ከየት አመጣኸው? ከጎረቤት ከተማ?»
ያኔ ጮኸ፦ «ፖሊስ! ጎትታችሁ አውጡት!»
ሳቁ ቀጥ አለ። ፖሊሶቹ ንቅንቅ አላሉም። የሟች ታናሽ ወንድም ቀስ ብለው «በወንድሜ ቀብር ላይ ሳሞን ትቆጣለህ? ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገህ?» አሉት። ከንቲባው መሬት መሬት አየ።
ሽማግሌዎቹ ቅጣት ጣሉበት። «ምን ይካስህ?» አሉኝ።
«ቅዳሜዬን።»
ታፕሶባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። «ቅዳሜህን ውሰድ፣ ዘመዴ።»
«አልሰማሁም።»
ሦስት ጊዜ አስባልኩት። ልክ እንደ ሪባኑ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር...
ከዚያ ሟቹን በገዛ እጄ ተቀብዬ አስተኛኋቸው። እሳቸው ቢያዩ በከዘራ ያባርሩኝ ነበር። አልቅሼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14
ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ስለ ታፕሶባ ብቻ። ማዳበሪያ የለ፣ ምን የለ።

ሰኞ፣ መጋቢት 30
ውሃው መጣ። አራተኛ ምረቃ! ታፕሶባ በሕዝብ ፊት አንድ ብርጭቆ ሞልቶ ሰጠኝ። «ጠጣ፣ ውሻ በላ። ቀልድህ አለቀ።»
ስጠጣ ትን አለኝ። ሳሉ አላቆም አለ። ሕዝቡ በእኔ ሳቀ... በእኔ! ታፕሶባ ጀርባዬን እየደበደበ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያ ሲጋራህ ነው። አይዞህ፣ አጭስ። ስትሞት ጉድጓድህ ውስጥ የምተኛው እኔ ነኝ። የምለውን ከወዲሁ መጻፍ ጀምሬአለሁ።»
ቤት ስገባ የሲጋራውን ፓኮ ሽንት ቤት ጣልኩት። ማሚና «ምን ነካህ?» አለችኝ።
ምንም አልነካኝም። ከዛሬ ጀምሮ አላጨስም። ያን ሰውዬ ሳልቀብር አልሞትም።