ንብ የጠራው አምፕሊፋየር

መቱ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

የየኔታን አለንጋ፣ የክረምቱን ጭቃ፣ የዓይኔን መድከም ሳላማርር ችያለሁ፤ የዛሬውን ኀፍረት ግን ለመቻል ተቸገርሁ። ብሉዝ ለምትጫወተው ለጊታሪስቷ ለሌንሳ በእጄ የሠራሁትን ባለ ቫልቭ፣ በመስታወት አምፖሎች ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር በግቢዬ ስንሞክር ትራንስፎርመሩ ጋለ። እርጥበት እንዳይገባው የነከርሁበት ከያዮ ጫካ የመጣ የንብ ሰም ለካ ማሩ በደንብ አልወጣለትም ኖሯል፤ ሰሙ ቀልጦ የማሩ ሽታ ሲወጣ ንቦች ወረሩን።

«ተይው፣ ሌላ እሠራልሻለሁ» አልኋት።

እርሷ ግን መጫወቷን ሳታቋርጥ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሁሩሙ ከተማ ስጫወት ከሚሰማኝ ሰው ይልቅ እነዚህ ንቦች ያዳምጣሉ! ይህን ድምፅ የትም ስለማላገኘው አምፕሊፋየሩን አልመልስም። እርስዎ ባይኖሩ ግን ማን ይጠግንልኛል?»

አሁን ቆርጫለሁ፤ የትራንስፎርመር ሽቦ መጠምጠሚያዬንና የቀሩኝን ቫልቮች ለሌንሳ አወርሳለሁ። ከሰኞ ጀምሮም ሙያውን አስተምራታለሁ፤ መጀመሪያ ሰም ማጣራትን።