የሰገሌው ድንጋይና ባለ አንድ ዓይኑ ሰው

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1923 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ያ ጉልበትዎስ ለደሴ ብርድ እጅ ሰጠ ወይስ ገና ይዋጋል? እኔና እናታችን ደኅና ነን። ነገር ግን ከባድ ሐዘን ላይ ነን፦ የቀኝ እግር ጫማዬ ኅዳር 7 ቀን ረፋድ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ግራው ብቻውን ቀርቷል፤ ማጽናኛ ይላኩለት።

አደጋው የደረሰው እናታችንን ይዤ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ ነው። ባላቸው በሰገሌው ጦርነት የወደቁባቸው ወይዘሮ የሺዓለም በግቢው ውስጥ የሙታኑን ስም ያስቀረጹበት ድንጋይ አቁመዋል። የሄድሁት ላሾፍ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ማዕረግ የለበትም! ፊታውራሪው ከእንጨት ለቃሚው በታች ተጽፏል፤ ነፍስ ቢኖረው ኖሮ ይከስ ነበር። የትኛው የሸዋ፣ የትኛው የወሎ ጦር እንደ ሆነም አይልም። አንብቤ አንብቤ አፌ ደረቀ። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን!

አራተኛው ተራ ላይ የእርስዎ ስም አለ። እንግዲህ ይህን የሚያነቡት ሞተው ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከተሸነፈው ጦር ነህ ተብለው እንዳይያዙ «ሞተ በላቸው» ብለው ሲልኩብኝ፣ እኔ በሞት ብቻ መቼ ረካሁ! ለእናታችን ገዳይም ፈጥሬ ጨመርሁላት፤ አንድ ዓይና፣ ሪዛም፣ የሸዋ ሰው።

እናታችን ስምዎን ዳስሳ ቀና ስትል፣ በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጥ አንድ ዓይና ሪዛም አየች። ፈቀደ ይባላል። ሄዳ ፊቱ ቆመችና «ሰገሌ ነበርክ?» አለችው። «ነበርሁ» አላት። «ልጄን ገድለህብኛል፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። እኔ በአንድ ጫማ እየዘለልሁ «ኧረ እማዬ፣ ሌላ ሰው ነው!» ስል፣ ሰውየው ጧፉን በትኖ፣ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና እግሯ ሥር ወደቀ። «እማማ፣ ጭስ ውስጥ ነው የተኮስሁት። ማንን እንደ መታሁ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖርሁ» አለ። ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት። እኔም ሳላውቀው ተንበርክኬ ተገኘሁ።

ሰላም ማለት መድፍ ዝም ሲል ይመስለኝ ነበር። ያስ ለካ ድካም ኖሯል። ሰላሙ የመጣው ያን ዕለት ነው፤ ያውም የኔን ውሸት እንደ በቅሎ ጋልቦ።

አሁን ለገና ደም ልታደርቅ ሽማግሌ ጠርታለች፤ በጉም ታስሯል። ሰውየውን «ልጅ አሳጥተኸኛልና ልጅ ሁነኝ» ብላዋለች። እርስዎ ካልመጡ ባላፈሰሰው ደም ሊምል ነው። ቢመጡ ደግሞ ያገኘው ይቅርታ ባዶ እንዳይቀርበት እፈራለሁ። ትናንት እውነቱን ልነግራት ስገባ የእንግዳ አልጋ ታነጥፋለች። የማን እንግዳ ነው ብላት፣ «ከደሴ እዚህ በበቅሎ ስንት ቀን ነው?» ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። እኔ ደሴ የሚል ቃል በፊቷ ተናግሬ አላውቅም።

ወንድም ጋሼ፣ ይምጡ። የሚፈልግዎ ሹም ራሱ ከሞተ ቆይቷል። ጊዮርጊስ ወንዙን ያጉድልልዎ፣ ሽቅቡን ያለስልስልዎ።

ታናሽ ወንድምዎ

ማረሚያ፦ በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም. ስለ ወንድሜ ሞት የሰጠሁት ቃል ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ሟቹ ለገና ዋዜማ ከእናቱ ቤት እንዲቀርብ ታዟል።