የወይዘሮ ሕብስት እንግዳ የሕይወት ታሪክ፤ የወደቁባቸው ፈተናዎች ሳይቀሩ

ወይዘሮ ሕብስት እንግዳ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም ኃይሌ በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፤ እናታቸው ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔ ያስረክቡ ነበር። ወይዘሮ ሕብስት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1969 ዓ.ም. የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወሰዱ። ከዚያም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ለሰባት ዓመት አገልግለዋል።

በ1977 ዓ.ም. ወደ ጄኔቫ መጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ይህን የምጽፈው እኔ የእህታቸው የወይዘሮ ምንትዋብ ልጅ ኤዶም ነኝ። የዙሪክ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ልማድ ነውና ጽሑፉን ታትሞ በመታሰቢያቸው ከመነበቡ በፊት ለኮሚቴው አሳይቼ ነበር። ሲመለስልኝ «በቤት ሠራተኝነት» የሚለው ተሰርዞ «ከዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር» ተብሏል። ውሸት አይደለም፤ የመጡት ከዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር ነው። ነገር ግን የዚያን ቤት ወለል የሚወለውሉት፣ ልጆቹን የሚያሳድጉት፣ እንግዳውን የሚያስተናግዱት እሳቸው ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው መሳቢያ ተቆልፎበት፣ የእረፍት ቀን የሚባል ሳያውቁ ኖረዋል። በዚህ ማፈር ያለበት ሰው ካለ ፓስፖርቱን የቆለፈው ይፈር። ወይዘሮ ሕብስት የሚያሳፍር ነገር አልሠሩም፤ እኔም አልሰርዝም።

የቤቱ ልጆች የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እሳቸው አጠገባቸው ልብስ እየተኮሱ ፈረንሳይኛ ተማሩ። በ1979 ዓ.ም. በዚያው በለቀሙት ቋንቋ ብቻቸውን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አመለከቱ፤ ፓስፖርታቸውንም ተቀብለው ወጡ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ጴጥሮስ አስፋ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ለዛቫንሼ በሚባል የጄኔቫ ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ ሳራንና እዮብንም ወለዱ። ማታ ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው የፈረንሳይኛ ጽሕፈት ይለማመዱ ነበር። ፈረንሳይኛ ጆሮ እንደሰማው አይጻፍም እያሉ ይበሳጩ እንደነበር ሳራ ታስታውሳለች።

በ1994 ዓ.ም. አቶ ጴጥሮስ በድንገት አረፉ። ዓመት ሳይሞላ ሆቴሉ እጥበቱን ለውጭ ድርጅት ሰጥቶ በክፍሉ የሚሠሩትን አሥራ አንዱንም ሴቶች አሰናበተ። ወይዘሮ ሕብስት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን፣ እህታቸው ወደምትኖርበት መጡ። አሥራ ስምንት ዓመት የለፉበት ፈረንሳይኛ እዚህ እንጀራ አይሆንም ነበርና በአርባ አምስት ዓመታቸው ጀርመንኛን ከሀ ብለው ጀመሩ። ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን በሚገኝ መደብር በካሸርነት አሥራ ሦስት ዓመት ሠሩ። በ2009 ዓ.ም. ደንበኛው ራሱ የሚከፍልባቸው ማሽኖች ሲገቡ፣ አጠቃቀሙን ለደንበኛው እንዲያሳዩ የተመደቡት እሳቸው ነበሩ። በትዕግሥት አስተማሩ። ሰዉ ማሽኑን ሲለምድ እሳቸውን አሰናበቷቸው። እሳቸው ግን ይህን ሲያወሩት ይስቁ ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የሥራ ፈላጊዎች አማካሪያቸው የነበሩት ሰው በዚህ ዕድሜ አዲስ ሙያ እንደማይታሰብ በትሕትና ነገሯቸው። የእኛ ሰው ትሕትናውም አልነበረውም። ጡረታ አፋፍ ላይ ቆማ ምን ትማራለች፣ ዐርፋ የልጅ ልጅ አትይዝም ወይ ተባለ። ወይዘሮ ሕብስት ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በአረጋውያን እንክብካቤ ለመሠልጠን ተነሡ። ለዚያ የጀርመንኛ ምስክር ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ተፈተኑ፤ ወደቁ። በስድስት ወሩ ደግመው ተፈተኑ፤ በሁለት ነጥብ ወደቁ። በዘጠኝ ቁጥር ትራም ሲሄዱና ሲመለሱ እያጠኑ፣ በ2010 ዓ.ም. በሦስተኛው አለፉ። ኮሚቴው ሁለቱን ውድቀቶች «ለሟች ክብር ሲባል» ሰርዟቸዋል። እኔ ክብራቸውን የማውቀው በእነሱ ነው። ሁለተኛው ውጤት የመጣ ዕለት ፖስታውን ከፍተው አዩት፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ በዚያው ሰዓት ለሚቀጥለው ተመዘገቡ።

ሥልጠናውን በ2011 ዓ.ም. ጨርሰው ሽፒቴክስ በሚባለው የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ አገኙ። ሥራው ደግሞ ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው በብስክሌት መሄድ ይጠይቃል። ወይዘሮ ሕብስት እስከ ስልሳ ዓመታቸው ብስክሌት ነክተው አያውቁም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ባዶ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይለማመዱ ጀመር። አንድ እሑድ ሲወድቁ ከእኛው አንዱ ፎቶ አንሥቶ በማኅበሩ የስልክ ቡድን ላይ ለጠፈው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ባል የሌላት፣ ሥራ ያጣች፣ ጉልበቷ የተላጠ ሴት ማንን ታስፈራለች? ከአርባ የሚበልጥ ሰው የሣቅ ምልክት አኖረበት። ከአርባዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። በቤታቸው አድጌ፣ እጃቸው አጉርሶኝ፣ እኔም ሣቅሁ። ማን እንደ ሣቀ አንድ በአንድ አይተዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን እዚያው ግቢ ተገኙ። በሦስተኛው ወር ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው ወደ ሥራ ሄዱ።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ዐረፉ እንዳትሉ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃችን የስብሰባ ክፍል ውስጥ ማክሰኞና ሐሙስ ለአዲስ መጤ ሴቶች ለእንክብካቤ ሥራ የሚያስፈልገውን ጀርመንኛ ያስተምሩ ነበር፤ የታመመ ሰው ሳያምመው እንዴት ከአልጋ እንደሚነሣ በራሳቸው ገላ ላይ ያሳዩአቸው ነበር። ፈተና የወደቀች ስትመጣ የራሳቸውን ሁለት የውድቀት ወረቀቶች አውጥተው ፊቷ ያኖሩላታል። ዘጠኝ ሴቶች በእሳቸው እጅ ተፈትነው አልፈው ሥራ ይዘዋል። በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዋና ለመማር ገብተው ነበር፤ ይኸኛው አልሆነላቸውም። ሁለት ክረምት ሞክረው ተዉት።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሆስፒታል ሳሉ የሕመማቸውን ስም፣ የመድኃኒቶቻቸውን ጥቅምና ጉዳት ከነርሶቹ እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። ማን ምን እንደሚሰርዝ ያወቁ ይመስል፣ ከማረፋቸው ከአንድ ሳምንት በፊት አስጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ኤዶምዬ፣ ስትጽፊ ያቃተኝንም ጻፊ። ዋናውንም፣ ፈተናውንም። ያቺ አሁን የምትወድቀዋ ልጅ እኛ ዐውቀን የተወለድን እንዳይመስላት።»

ስለ ፎቶው ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጄን ይዘው፣ «እሱን እንኳ ተዪው፤ ግን አንቺስ አሁን ምን እየተማርሽ ነው?» አሉኝ። 

ወይዘሮ ሕብስት እንግዳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዙሪክ ውስጥ አረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። በኮሚቴው ረቂቅ ላይ ቤተሰባቸው እዚህ ያልቃል።

አያልቅም። ዘጠኙ ሴቶች አሉ። ለቅሶ ቤት ከሥራ ፈረቃ መሐል በነጭ የሥራ ልብሳቸው ሲመጡ ወንበሩ ለትልልቅ ሰዎች ተይዟል ተብለው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የወንጌላውያን አማኞች በመኖራቸውም ብዙ ሰው ተንሾካሹኳል። ወይዘሮ ሕብስት ሃይማኖታቸውን ጠብቀው የኖሩ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዷንም ግን በየት በኩል ታማትቢያለሽ ብለው አልጠየቁም። ሴቶቹ ዛሬም እረፍት ስላላገኙ በሥራ ልብሳቸው ይመጣሉ፤ ይህ ሲነበብ በር አጠገብ ቆመው እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ሳራና እዮብም ሴቶቹ እንደ እህቶቻቸው እንዲቆጠሩ ጠይቀዋል፤ ስለዚህ ወይዘሮ ሕብስት ያፈሯቸው ልጆች አሥራ አንድ ናቸው።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሕብስትን ነፍስ ደጋጎች ባረፉበት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለአሥራ አንዱም፣ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን ከማለታችን በፊት ግን ከፊት የተቀመጥን እንነሣና ቦታ እንልቀቅላቸው።