ከመቃብሩ ያልወጣው መነኩሴ

ደባርቅ፣ የካቲት 15 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደምለው፣

ትናንት መነኩሴ ሆንኩልህ! ቆብ ደፍቼ፣ የበግ ጠጉር ጢም ለጥፌ፣ የቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ ቆምኩ። ሰዉ መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሎ ነበር። ከሞትክ ገና አራት ወርህ ነው፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። አትቀየመኝ።

ተውኔቱን መምህራችን ማዕረግ ነው ከእንግሊዝኛ የመለሰው። ደም የተቃቡ የሁለት ቤት ልጆች ይዋደዳሉ፤ መነኩሴው ደብቆ ያጋባቸዋል። ልጅቷን ለሌላ ሊድሯት ሲሉ እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣታል። ለባሏ የላከው መልእክት ግን ሳይደርስ ይቀራል፤ ባሏ የሞተች መስሎት አጠገቧ መርዝ ይጠጣል። መነኩሴው መቃብር ቤቱ ውስጥ ሲገባ ልጅቷ ትነቃለች። ወዲያው የዘበኞች ኮቴ ይሰማል፤ እሱም ፈርቶ ጥሏት ይሮጣል። ብቻዋን ስትቀር ራሷን ትወጋለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር "ካህን አድኃሪ ነው፤ ሩጫውን አድምቀው!" ብሎኝ ነበር። ልምምድ ላይ እንደኔ የሚሮጥ አልነበረም።

ትናንት ኮቴው ሲሰማ ግን እግሬ እምቢ አለ።

ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ጽጌሬዳ "ውጣ እንጂ!" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አልወጣም።"

"አጠገቤ ቆመህ እንዴት ልሙት? ሰው ምን ይላል!"

ባሏን ሆኖ የሚጫወተው፣ ሬሳ መስሎ የተጋደመው ክንዴ የሚባለው ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ "ወገቤ አለቀ፤ ቶሎ ወስኑ" አለ።

ይኼኔ ጎረቤታችን እትዬ ሸጊቱ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ። "እሰይ አባቴ! ለማን ጥለዋት ይሄዳሉ?" አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር ማዕረግ ከመጋረጃው ጀርባ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

ለምን እንዳልወጣሁ አንተ ታውቃለህ። ከሁመራ ወባ ይዞህ መጥተህ ጤና ጣቢያ የተኛህ ጊዜ፣ እማ ጋቢ ልታመጣልህ ስትሄድ "ጠብቀው" ብላኝ ነበር። ትንፋሽህ ሲያጥር "ላቀው፣ እጄን ያዘኝ" አልከኝ። ፈራሁ። ነርስ ልጥራ ብዬ ወጣሁ። ነርሷ እዚያው በረንዳ ላይ ነበረች፤ ነግሬያት አለፍኩና እስከ አጥሩ ሮጥኩ። ስመለስ ፊትህን ሸፍነውታል። ለእማ ግን "እጁን ይዤው ነበር" አልኳት።

ጽጌሬዳ በመጨረሻ ቸግሯት እኔ እያየኋት ራሷን ወጋች። ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ እጇን ያዝኩ። ብቆይም ሞተች። አንተም ትሞት ነበር ማለት ነው፤ ብቻህን ግን አትሞትም ነበር።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ግንባሬን ሳመኝ። እማ እያለቀሰች "ወንድሙንም እንዲህ ይዞ ነው የሸኘልኝ" ትላቸዋለች። የበግ ጠጉር ጢሜን እየነቀልኩ ቀድሜያቸው ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዛሬ እሑድ ነው፤ እማ ከቅዳሴ ስትመለስ እውነቱን ልነግራት ወስኛለሁ። ይኸው በሩ ተንኳኳ። "አባ መነኩሴ፣ አሉ?" እያለች ትስቃለች። አንተ ከሞትክ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ደምለው፣ ምነው ዛሬ ባትስቅ!

ቢሆንም እነግራታለሁ። አሁኑኑ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ።

ታናሽህ ላቀው