ስለ ሁለቱ ዓይነት ቢጫ ከረጢቶች

ለክቡር ዶክተር ባይ ቾንግሊ፣ የከተማችን ሆስፒታል የደም ክፍል ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደምዎ በመጠኑም በጥራቱም ሙሉ ሆኖ እንዲኖር፣ አንድ ቀን ቢጎድልብዎም ከራስዎ ክፍል ሌላ የሚታከሙበት ቦታ እንዳያጡ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ጉ ዪሸንግ እባላለሁ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ሉ ሱሄ፣ መቅኔዋ ደም መሥራት ካቆመ አራት ወሩ ነው፤ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ ይደማል፣ ክንዷ ላይም ማንም ሳይነካት ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል። ሐሙስ ሌላ የፕላትሌት፣ መድማትን የሚያቆመው የደም ክፍል፣ ከረጢት ይመጣላታል። ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነና ቁጭ ማለት ስላልቻልኩ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

፩. ሱሄም መምህርት ነበረችና፣ ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዋ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ኬ ዲንግቦ፣ በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ከማሽን ጋር ታስሮ ፕላትሌቱን ሰጣት። ቢጫው ከረጢት ክፍልዎ እንደደረሰ፣ በርዎ ላይ በቀይ ቀለም «ደም ሁሉ በአራት ዲግሪ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ያለ ልዩነት» ተብሎ በተጻፈው ትእዛዝ መሠረት፣ አሥራ አራት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረ። ለምን ብዬ ብጠይቅ ነርስ ሚያኦ «መምህር ጉ ደግሞ! ዓሣ እንኳ ውጭ ሲውል ይሸታል፤ የሰው ደም ነው የማይበላሸው?» ብላ አስተማረችኝ። ፕላትሌት ግን ዓሣ አይደለም፤ ከሃያ እስከ ሃያ አራት ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ሳያቋርጡ በቀስታ ሲወዘውዙት ብቻ አምስት ቀን ይቆያል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰውነት ውስጥ ቢገባም ጉበት ወዲያው ለቅሞ ያጠፋዋል። የመወዝወዣው ማሽን ክፍልዎ ውስጥ አለ፤ የሠራተኞች ዣንጥላ ይደርቅበታል። ጤነኛ ሰው ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ፕላትሌት አለው፤ ከረጢቱ ከመሰጠቱ በፊት የሱሄ ቁጥር ሰባት ሺህ ነበር፤ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሰባት ሺህ ነው። እርስዎም በትሕትና «የሰውነቷ ጠባይ ነው፤ እምቢ አለ» አሉኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሱሄ እምቢ ያለችውን ሁሉ በቃል ስትነግረኝ ስለኖረች፣ ይህ አዲስ ነገር ነውና አመሰግናለሁ።

፪. ከረጢቱ ለሱሄ በተሰጠበት ጠዋት ጎረቤት ክፍል ለተኙት ለጡረተኛው የቢሮ ኃላፊ ለአቶ ታኦ ሁለት ከረጢት ፕላዝማ፣ ማለት የደም ፈሳሹ፣ ተሰጣቸው። እሱም ቢጫ ነው። አቶ ታኦ አይደሙም፤ ደማቸውም በደንብ ይረጋል። ልጃቸው በደስታ «አባባ ፊታቸው ትንሽ ገርጥቶ ነበር፤ ዶክተር ባይ ‹በፕላዝማ እንጠግናቸው› አሉን። ደም ይተካል ከሚባለው ከቀይ ተምር ሾርባ ይበልጣል እኮ፣ መምህር!» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ መጠገን ለሱሪም ለሾርባም የሚሆን ጥሩ ቃል ነው። ፕላዝማ ግን ደም የሚያረጉት ነገሮች ጎድለውበት ለሚደማ ሰው፣ ከበረዶነቱ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሟሙቶ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ ለአዛውንት የሚበረከት ስጦታ አይደለም። የተጠገኑት አቶ ታኦ በማግሥቱ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ሁለት ቀን በኦክስጅን ተነፈሱ። እግዜር ይማራቸው፤ እሳቸውም እንደኛ አክብረው ነው የተቀበሉት።

፫. በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ የነበረበት የሱሄ ቀይ የደም ከረጢት፣ ነርሶች ተራ ሲቀያየሩ፣ ስድስት ሰዓት ተንጠልጥሎ ዋለ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ የለመነችኝ ሱሄ ራሷ ናት። «ተው አንተ ሰውዬ፣ ከረጢቴ እነሱ እጅ ነው፤ ከሐሙስ በፊት አታስቀይማቸው» አለችኝ። ልክ ናት። ሦስት ጊዜ ቀድጄ አራተኛውን በሆስፒታሉ በር የለጠፍኩትም እየፈራሁ ነው። ግን ኬ ዲንግቦ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ መስጠት አይችልም፤ የሐሙሱን ከረጢት የምትሰጠው የእሱ ሚስት ናት፤ ሦስተኛ ሰው የለንም። ዝም ብል ትእዛዝዎ ከበሩ ላይ አይወርድም፤ ከረጢቱም ወደ ዓሣው ቦታ ይሄዳል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሐሙስ ጠዋት በፊት የመወዝወዣው ማሽን ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካ።

ለእውቀትዎ ተገቢውን ክብር፣ ለትእዛዝዎ ደግሞ አራት ዲግሪ የቀዘቀዘ ሰላምታ እያቀረብኩ፣

ጉ ዪሸንግ፣ የሉ ሱሄ ባል

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ጠዋት ቴርሞሜትርና በርጩማ ይዤ ማሽኑ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ መብራት ቢጠፋ በእጄ እወዘውዘዋለሁ፤ ልጅ ያባበልኩ ሰው ነኝ። ዣንጥላዎቹን የት እናድርጋቸው የሚል ካለም፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የከረጢቱ ቦታ ባዶ ነው፤ እነሱን ብርድ አይጎዳቸውም።