በመስታወት ሣጥን ስለተቆለፈው የመተንፈሻ ጭንብል

ለካራግሞር ወደብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር ሚስተር ዴዝሞንድ ሃርኔት
ካራግሞር፣ አየርላንድ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወደቡ ሃያኛ ዓመቱን ባከበረበት ዕለት በዚያ ነፋስ ቆመው ያን ሁሉ ንግግር ስላደረጉ፣ ብርድ እንዳይመታዎ የመንደሩ ሴቶች ከቅዳሴ መልስ ሻይ በጠጣን ቁጥር ስምዎን ስናነሳ ከርመናል። እኔ ኖሪን ክራውሊ ነኝ፤ ሠራተኞችዎን በጀልባ ወደ መርከቦቹ የማመላልሰው፣ የሟቹ የፊንባር እኅት።

ስላዘጋጁልን ኤግዚቢሽን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ነዳጅ ጫኞቹ መርከቦች አፍሪካን መዞር ግድ እንደሆነባቸው፣ ረጅሙ መንገድ እንዲያዋጣም እንደ ዱባ እያበጡ ሄደው ሌላው ወደብ ሁሉ ጥልቀት ሲያንሳቸው የእኛ ወሽመጥ እንደተመረጠ፣ በሚያምሩ ፎቶዎች አይተናል። ከታሪኩ የጎደለውን ጥቂት ነገር እንድሞላ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት የመተንፈሻ ጭንብል ከሥሩ «ወደባችን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለሠራተኛው ያለው አሳቢነት» ተብሎ ተጽፎበታል። እውነት ነው፣ ታስቦለታል። ወንድሜ የአንዱን መርከብ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሊጠርግ በወረደበት ቀን ይህ ጭንብል ጨው እንዳያበላሸው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉም ከኃላፊው ጋር ምሳ ሄዶ ነበር። እዚያ ውስጥ የሚተነፈስ አየር የለም፤ ሽታ የለው፣ ጭስ የለው፣ ሰው በምን ይወቀው? ፊንባር ከመሰላሉ ሥር ወደቀ። የሥራ ባልደረባው ዴኒ ሉሲ ሊያወጣው ተከተለው። የዴኒ ወንድም ሞርቲመር ደግሞ ዴኒን ተከተለ። ሦስቱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ በእኛ ጀልባ ላይ ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ቆሞ የሚያስብ የለም፤ ቆሞ ያየ ሰው ዳግመኛ ጀልባ ላይ ቦታ አያገኝም። ይህ ልማድ ባሕር ላይ ስንቱን አትርፏል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን ሁለት ሰው ጨመረልን።

ሁለተኛ፣ የያኔው ምርመራ ሁለቱ የሉሲ ወንድማማቾች «ያለ ፈቃድ ገብተው» እንደሞቱ አረጋግጦልናል። ለመሞትም ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ ስላስተማራችሁን እናታቸው እስክትሞት ድረስ አመስግናችኋለች። ከቀብሩ በኋላም በየግድግዳው «ተጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የዛሬ ነው፤ ስለዚህ ይታገሡኝ። እነዚያ ግዙፍ መርከቦች አርጅተው፣ ሥራ ፈትተው፣ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት ሊጠረጉ ወደ እኛ እየመጡ ነው። የመጀመሪያው መርከብ የፊታችን ሰኞ ይገባል። ከሚጠርጉት አንዱ ልጄ ኮርማክ ነው፤ ሌላ ሥራ ቢኖር ኖሮ ባላስገባሁት። ሐሙስ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ጭንብሉ የት እንዳለ የደኅንነት ኃላፊዎን ሚስተር ፕሬንደርጋስትን ብጠይቃቸው፣ «አዲሶቹ ታዘዋል፣ ከበጋ በኋላ ይደርሳሉ። እስከዚያ ልጆቹ ጠንቀቅ ይበሉ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። «እንግዲያው ያ መስታወት ውስጥ ያለውስ?» ብላቸው፣ «እሱማ ቅርስ ነው፣ ኖሪን፤ እንዴት ይነካል?» ብለው ሳቁብኝ። 

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው፦ የሚሠሩ ሁለት ጭንብሎች፣ አየራቸው የሞላ፣ የማጠራቀሚያው መግቢያ አፍ ላይ፣ ያለ ቁልፍ። እነሱን በዓይኔ ሳላይ ጀልባዬ ሰኞ ከምሶሶዋ አትፈታም። ሌላ ባለጀልባ እንዳይፈልጉ ድካምዎን ልቀንስልዎ ብዬ ሁሉንም አነጋግሬያቸዋለሁ።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ ዘመንዎ ሁሉ ንጹሕ አየር የሚተነፍሱበት ይሁን።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ውለታዎ ያለባትና የሁልጊዜ አመስጋኝ
ኖሪን ክራውሊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ልጄን፣ «ጓደኛህ ቢወድቅ ሮጠህ ሰው ጥራ እንጂ ተከትለህ እንዳትገባ፣ በሞቴ» ብዬ ለመንኩት። «አንቺ ብትሆኚ ትቆሚያለሽ ወይ፣ እማ?» አለኝ።  ክቡርነትዎ ግን እንደሚቆሙ ለአፍታም አልጠራጠርም።