ያልተንቀሳቀሰው ብዥታ

ናልድዋይክ፣ ማርች 9

የኔ ሂልትየ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእህትሽ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ አለሁ፣ ግን ደክሞኛል። በእንቅልፍ የሚወጣ ድካም አይደለም።

አንቺ ደሴቱ ላይ እህትሽ ዘንድ ከገባሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሰማዩም ጭራሽ ብሶበታል። ቲማቲም በሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች መብራት ጓሯችን ብርቱካናማ ሆኖ ያድራል። ያንን መብራት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ማንን ልውቀስ? "ደሴቱ ላይ እንኑር፣ እዚያ ጨለማ አለ" ብለሽ ስትለምኚኝም እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር ታላቁ ድብ በሚባሉት ከዋክብት ጅራት አጠገብ ያለውን ጋላክሲ በቴሌስኮፔ አገኘሁት ብዬ ጽፌልሽ አልነበር? ግራጫ ብዥታ፣ ልክ መሃል ላይ። በማግስቱ ሌላ አገኘሁ፣ በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። ለከዋክብት ተመልካቾች ክለባችን ሰዎችም ጉራዬን ነዛሁ። የክለቡ ጸሐፊ ኮር አላስችል ብሎት ሐሙስ ምሽት መጣና ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ደቀነ።

"ቴዩን፣ እዚህ ከቲማቲም መብራት በቀር ምንም የለም" አለኝ።

"ዓይንህ አርጅቶ ነዋ።"

"ያረጀው የማን እንደሆነ እናያለን። ለመሆኑ ቱቦውን መታ አድርገሃል?"

አፈርኩ። ለጀማሪ ሁሉ ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ፦ ቱቦውን በጣትህ መታ አድርገው፣ የምታየው ነገር ሰማይ ላይ ካለ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። መታ አደረግኩት። ከዋክብቱ ተንቀጠቀጡ፣ ብዥታው ግን ንቅንቅ አላለም። ኮር ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመት ይስቅብኝ ነበር፤ አሁን መሬት መሬቱን እያየ "ነገ ሐኪም ጋ አደርስሃለሁ" አለ።

የቀኝ ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል፣ ግራውም ጀምሮታል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ሰው ማጽናናት ገና አልለመደችም። "ዳር ዳሩ ይቀርልዎታል" አለችኝ። "የሰው ፊት ለማየት ትንሽ ወደ ጎን ይመልከቱ።" ግራው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ይቆያል።

ፈርቻለሁ፣ ሂልትየ። ጋላክሲው ይቅርብኝ። ቅዳሜ በጠዋቱ መርከብ እመጣለሁ፣ ቴሌስኮፑን አልይዝም። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ እሺ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። በሩን ባትከፍቺልኝም አልቀየምሽም፤ ብቻ ፊትሽን ጠግቤ እስካየው ድረስ መስኮቱ ጋ ቁሚልኝ።

እግዚአብሔር አንቺንም እህትሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ።

ባልሽ ቴዩን